ጠቃጠቆ ይከላከላል የተባለው ቅባት ቆዳውን ሲያነጣው፦ የካኔቦ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2013 የጃፓኑ የመዋቢያ ዕቃዎች አምራች ካኔቦ ኮስሜቲክስ 54 ዓይነት የፊት ቅባቶቹንና ሎሽኖቹን ከገበያ እንደሚሰበስብ አስታወቀ። ምክንያቱም አልተደበቀም፤ ምርቶቹን የተቀቡ ሰዎች ፊታቸው፣ አንገታቸውና እጃቸው ላይ ቦታ ቦታ እየያዘ ነጥቷል። በዚያን ዕለት ኩባንያው ቆጥሮ የያዛቸው ተጎጂዎች 39 ነበሩ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከበድ ያለ ምልክት አለን ያሉት ብቻ ከ2,000 በለጡ። በኋለኞቹ ዓመታት የተረጋገጠው ቁጥር ከ19,000 አለፈ።

ፊት የሚያነጣ ቅባት ጉዳት አደረሰ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ምን እንደያዘ የማይታወቅ፣ በእጅ ተበጥብጦ በብልቃጥ የሚሸጥ ነገር ነው። ይኼኛው የዚያ ተቃራኒ ነው። ውድ ነው፤ በታወቀ መደብር ውስጥ፣ በሠለጠነች አማካሪ እጅ የሚሸጥ ነው፤ ንጥረ ነገሩ በመንግሥት ተመርምሮ የጸደቀ ነው፤ አምራቹም የራሱ ቤተ ሙከራ ያለው፣ የግዙፉ የካኦ ኩባንያ አካል ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ቅባቱ ተጭበርብሮ ነበር ወይ?» አይደለም፤ አልተጭበረበረም። ጥያቄው እንዲህ በሥርዓት የተሠራ ምርት ይህን ሁሉ ሰው እስኪጎዳ ድረስ እንዴት ዓመታት ሊሸጥ ቻለ የሚለው ነው።

ምርቱና የተገባው ቃል

በቅባቶቹ ሁሉ ውስጥ ያለው ዋና ንጥረ ነገር ካኔቦ «ሮዶዴኖል» ብሎ የሰየመው ነው፤ የኬሚካሉ ስም ሮዶዴንድሮል ይባላል። በተፈጥሮ በበርች ዛፍና በአንድ የጃፓን የሜፕል ዝርያ ልጣጭ ውስጥ ይገኛል። የጃፓን የጤና፣ የሠራተኛና የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር በ2008 መጀመሪያ ላይ 2 በመቶ መጠን ይዞ እንዲሸጥ ፈቀደለት፤ በዚያው ዓመትም ገበያ ላይ ዋለ። ብላንሺር ሱፐሪየርና ሊሳዥን የመሳሰሉ መስመሮች ውስጥ ገባ፤ ከጃፓን ውጭም በሌሎች የእስያ ገበያዎች ተሸጠ።

በጃፓን ሕግ እንዲህ ያለው ቅባት በመድኃኒትና በተራ መዋቢያ መካከል ባለ ምድብ ውስጥ ይመደባል። ማስታወቂያው ላይ እንዲነገር የሚፈቀደውም ቃል የተወሰነ ነው፤ የሜላኒን መመረትን በመግታት ነጠብጣብንና ጠቃጠቆን ይከላከላል ማለት ይቻላል። ልብ በሉ፣ «ይከላከላል» እንጂ «ያጠፋል» አይልም። የምትገዛው ሴት ግን መስታወት ፊት ቆማ የምታየው የነበረውን ጠቃጠቆ ነው፤ የምትጠብቀውም እሱ እንዲጠፋላት ነው።

ጠቃጠቆ ራሱ በሽታ አይደለም። በልጅነት ይጀምራል፣ ከቤተሰብ ይወረሳል፣ ጸሐይ ሲበረታ ይጠቁራል፣ ጸሐይ ሲቀንስ ይደበዝዛል። በቦታው ላይ ያሉት ቀለም ሠሪ ህዋሳት ከሌላው ቆዳ በቁጥር አይበልጡም፤ የሚያመርቱት ቀለም ነው የበዛው። ዕድሜ ከገፋ በኋላ በጸሐይ የሚወጣው ጠፍጣፋ ቡናማ ነጥብ ከዚህ ይለያል፤ ክረምት ከበጋ አይጠፋም። ማድያት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ እርግዝናና የእርግዝና መከላከያ እንክብል ያስነሱታል፣ ጸሐይ ያባብሰዋል፣ ከለቀቀ በኋላም ተመልሶ ይመጣል። የካኔቦ ደንበኞች ሦስቱንም ይዘው ነበር ወደ መደብሩ የሚሄዱት። ቅባቱ ግን ለሁሉም አንድ ነበር።

ቀለም ሠሪው ህዋስ ውስጥ ምን ሆነ

የቆዳ ቀለም የሚሠራው ሜላኖሳይት በሚባለው ህዋስ ውስጥ ነው። ታይሮሲን የተባለውን የፕሮቲን ቅንጣት ወስዶ ወደ ሜላኒን የሚያመራውን ሥራ የሚጀምረው ታይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ጠቃጠቆ እናደበዝዛለን የሚሉ አብዛኞቹ ንጥረ ነገሮች ዒላማቸው ይህ ኢንዛይም ነው፤ እሱ ከተያዘ ቀለሙ ይቀንሳል።

ሮዶዴንድሮል በቅርጹ ታይሮሲንን ይመስላል። ኢንዛይሙም እንደ ራሱ ጥሬ ዕቃ ቆጥሮ ይቀበለዋል። በዚህ ጊዜ ለእውነተኛው ታይሮሲን ቦታ ስለሚጠብበት ቀለሙ እያነሰ ይሄዳል፤ ኩባንያው ያየውና የተደሰተበት ውጤት ይህ ነው። ነገር ግን ኢንዛይሙ የተቀበለውን ይዞ ብቻ አይቀመጥም፤ ይሠራበታል። ከዚያ የሚወጣው ኪኖን የተባለ ውህድና ተከታዮቹ ደግሞ ለህዋሱ መርዝ ናቸው። እህል መስሎ ወፍጮ ውስጥ የገባ ጠጠር ዱቄቱን በማሳነስ አያበቃም፤ ድንጋዩንም ይሰብራል። እዚህም ህዋሱ ቀለም መሥራት ቀነሰ ሳይሆን ሞተ።

ሁለት ነገሮች ከዚህ ይከተላሉ። አንደኛ፣ ታይሮሲኔዝ ያለው ሜላኖሳይት ብቻ ስለሆነ የቀሩት የቆዳ ህዋሳት ምንም አይሆኑም። የነጣው ቦታ አይቆስልም፣ አይላጥም፤ ሲዳሰስ ከጎኑ ካለው ቆዳ አይለይም። ከመንጣቱ በፊት ያሳከካቸውና የቀላባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ግን ማስጠንቀቂያ የሚሆን ነገር አላዩም። በቅባቱ የተደረገው የአለርጂ ምርመራም አብዛኞቹ ላይ ምንም አላሳየም፤ የደረሰባቸው አለርጂ አልነበረማ። ሁለተኛ፣ መርዙን የሚያመርተው ኢንዛይሙ ራሱ በመሆኑ፣ ቀለም ለመሥራት ይበልጥ የሚተጋ ህዋስ ይበልጥ ይጎዳል።

አቀባቡም የራሱ ድርሻ አለው። በጃፓን የፊት እንክብካቤ አንድ ቅባት ቀብቶ የሚያበቃ ነገር አይደለም። ፊት ከታጠበ በኋላ መጀመሪያ ውሃ የመሰለው ሎሽን በጥጥ ወይም በመዳፍ መታ መታ እየተደረገ ይቀባል፤ እሱ ሲመጥ ወተት የመሰለው ይከተላል፤ ከዚያ ጠቃጠቆው ያለበት ቦታ ላይ ለብቻው ወፈር ያለ ክሬም በጣት ጫፍ ይጨመራል፤ የተረፈው አንገትና የእጅ ጀርባ ላይ ይታበሳል። ጠዋትም ማታም። አማካሪዋ የምትመክረው ከአንድ መስመር ሙሉውን እንድትገዢ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ደረጃ ያንኑ ሮዶዴኖል የያዘበት ቤት ጥቂት አልነበረም። ንጣቱ የታየውም ቅባቱ በነካበት ቦታ ነው፤ ፊት፣ አንገት፣ የእጅ ጀርባ፣ ክንድ። ብዙ ምርት የደራረበች፣ ማስታወቂያውን ከሁሉ አብልጣ ያመነች ሴት ከሁሉ የባሰው ደረሰባት።

መጀመሪያ የሰማው ማን ነበር

እኔ ከሁሉ ይበልጥ የማተኩረው እዚህ ላይ ነው። ኬሚስትሪው ከጊዜ በኋላ ግልጽ ሆኗል። ለደንበኛው ቅሬታ የተሰጠው ምላሽ ግን ኬሚስት መሆንን የሚጠይቅ አልነበረም።

ኩባንያው ራሱ የቀጠራቸው የውጭ ጠበቆች ጉዳዩን መርምረው በሴፕቴምበር 2013 ሪፖርት አወጡ። ከሪፖርቱ እንደታየው የመጀመሪያው የደንበኛ ቅሬታ የመጣው በ2011 ነው፤ ምርቶቹ ከተሰበሰቡበት ቀን ሁለት ዓመት ገደማ ቀድሞ ማለት ነው። በ2012 ደግሞ አንድ ሐኪም ለበሽተኛው መንጣት መነሻው ምርቱ ሊሆን እንደሚችል አመልክቶ ነበር። ኩባንያው ውስጥ ለጥያቄው መልስ የሚሰጡት ሰዎች ግን ነገሩን ቪቲሊጎ ነው ብለው ያዙት፤ እኛ ዘንድ በተለምዶ ለምጽ የሚባለው፣ ከቅባት ጋር ግንኙነት የሌለው የቆዳ በሽታ። በሽታ ከሆነ የምርት ጉድለት አይደለም። የምርት ጉድለት ካልሆነ ደግሞ የደኅንነት ጉዳይ ወደሚታይበት ጠረጴዛ አይሄድም።

ይህን ሳነብ ተንኮል ከመፈለግ ይልቅ ስሌቱን ማየት ይሻለኛል። ምርቶቹን የተጠቀሙት ሰዎች 800,000 ያህል ይሆናሉ ተብሎ ተገምቷል፤ የተጎዱት ከእነዚያ ውስጥ 2 በመቶ ገደማ ናቸው። ሃምሳ ቋሚ ደንበኞች ያሏት አንዲት የመደብር አማካሪ በዓመታት ውስጥ የምታየው ምናልባት አንዲት የነጣች ሴት ነው። ቪቲሊጎ ደግሞ በዓለም ላይ ከመቶ ሰው ከግማሽ እስከ አንድ ያህሉን ይይዛል ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ አንዲት ሴት ብቻዋን መጥታ «ፊቴ ነጣ» ብትል «የራስሽ በሽታ ነው» የሚለው መልስ አያስደነግጥም፤ እንዲያውም ምክንያታዊ ይመስላል። ስህተት የሚሆነው ያው መልስ ከአንድ በላይ ሲደጋገምና የተደጋገመውን የሚደምር ሰው ሲጠፋ ነው።

ቢደመር ኖሮ ደግሞ የሚለያይ ነገር ነበረ። ቪቲሊጎ ብዙ ጊዜ በወጣትነት ይጀምራል፤ እነዚህ ሴቶች ግን አብዛኞቹ ጎልማሶችና ከዚያም በላይ ነበሩ። ቪቲሊጎ ብብት፣ ጉልበት፣ የእግር ጣት ሊመርጥ ይችላል፤ እነዚህ ሴቶች የነጡት በአብዛኛው ቅባት በደረሰበት ቦታ ነበር። ሁሉም የአንድ ኩባንያ ደንበኞች መሆናቸውን መጨመር ሳያስፈልግ ይህ ብቻ ይበቃ ነበር።

ነገሩን ያስቆመው ከውጭ የመጣ ሰው ነው። በሜይ 2013 አንድ የቆዳ ሐኪም ሦስት በሽተኞች እንዳየ፣ ሦስቱም የካኔቦን ቅባት እንደተጠቀሙ ለኩባንያው አሳወቀ። ሦስት ሰው ነው። ልዩነቱ ሦስቱን አንድ ሰው ጎን ለጎን ማየቱ ብቻ ነው። ከዚያም በኋላ ምርቶቹ ከመደርደሪያ የወረዱት ወደ ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ነው። በዚያን ጊዜ 450,000 የሚሆኑ ብልቃጦች በየደንበኛው ቤት እንዳሉ ኩባንያው ገምቶ ነበር።

ቀድሞ የታወቀ ነገር

«ማን ሊያውቅ ይችል ነበር?» የሚል ሰው አይጠፋም። ለዚህ መልስ የሚሆኑ ሁለት አሮጌ ታሪኮች አሉ።

በ1939 አሜሪካ ውስጥ በቆዳ ፋብሪካ የሚሠሩ ሠራተኞች እጅና ክንዳቸው ነጣ ብሎ ታየ። ተጣርቶ ሲታይ የጎማ ጓንታቸው ውስጥ ላስቲኩ እንዳያረጅ የተጨመረ ኬሚካል ነበረ፤ ሞኖቤንዞን ይባላል፣ ጠቃጠቆንና ማድያትን ለማደብዘዝ የሚቀባው የሃይድሮኪኖን ዘመድ ነው። ያው ኬሚካል በኋላ፣ ቪቲሊጎ አብዛኛውን ሰውነታቸውን ለያዘባቸው ሰዎች የቀረውን ቀለም አንድ ላይ ለማንጣት መድኃኒት ሆኖ አገልግሏል። ታይሮሲንን የሚመስል ነገር ሜላኖሳይትን ሊገድል እንደሚችል የቆዳ ሐኪሞች እያወቁ የመጡት ከዚያ ወዲህ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ይቀርባል። ራስፕቤሪ ኬቶን የሚባል፣ ለምግብና ለሽቶ መዓዛ የሚሆን ውህድ አለ፤ ከሮዶዴንድሮል ጋር በኬሚካል አሠራር ልክ እንደ ወንድማማች ናቸው። ጃፓን ውስጥ ይህን ውህድ ያመርቱ የነበሩ ሦስት ሠራተኞች ቆዳቸው መንጣቱ በ1990ዎቹ መጨረሻ በሕክምና መጽሔት ላይ ታትሞ ወጥቷል። ሮዶዴኖል ፈቃድ ከማግኘቱ አሥር ዓመት ገደማ በፊት መሆኑ ነው።

ከተሰበሰበ በኋላ

የጃፓን የቆዳ ሐኪሞች ማኅበር በዚያው ጁላይ ልዩ ኮሚቴ አቋቁሞ ለሐኪሞችና ለተጎጂዎች መመሪያ አወጣ። የመጀመሪያውና ዋነኛው ሕክምና ቀላል ነበር፤ ቅባቱን ማቆም። ከሥር ያሉት የቀለም ህዋሳት ሁሉ አልሞቱምና፣ ካቆሙት መካከል ብዙዎቹ በወራት ውስጥ ቀለማቸው እየተመለሰ ሄዷል፤ በመጀመሪያ በፀጉር ቀዳዳዎች ዙሪያ እንደ ነጥብ፣ ከዚያ እየሰፋ። አንዳንዶቹ ላይ ግን ቀለሙ ሲመለስ ከበፊቱ ጠቁሮ መጣ፤ የተወሰኑት ላይ ዓመታት አልፈውም ነጩ ቀርቷል። እንዲህ ላሉት እንደ ቪቲሊጎ ያለ ሕክምና፣ የሚቀባ ታክሮሊመስና የአልትራቫዮሌት ጨረር ተሞክሯል፤ ውጤቱ ከሰው ሰው ይለያያል።

ኩባንያው የሕክምና ወጪና ካሳ ከፍሏል፣ ሠራተኞቹን በየተጎጂው ቤት ልኳል፤ ያም ሆኖ በተለያዩ ከተሞች ፍርድ ቤት የተከሰሰባቸው መዝገቦች ነበሩ። መንግሥት ደግሞ ከ2014 ጀምሮ የመዋቢያና የዚህ መካከለኛ ምድብ አምራቾች የደረሳቸውን የጎንዮሽ ጉዳት በተወሰነ ቀን ውስጥ ሪፖርት እንዲያደርጉ አስገደደ።

እኛ ዘንድ

ሮዶዴኖል ኢትዮጵያ ውስጥ ችግር ሆኖ አልሰማሁም። ታይሮሲኔዝ ግን የጃፓን ብቻ አይደለም። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ነጭ ንጣፍ ከሩቅ ይታያል፤ ለዚያውም «ለምጽ ነው» የሚለው የሰው ዓይን ተጨምሮበት።

መጀመሪያ ሊጣራ የሚገባው ፊት ላይ ያለው ነገር ምንነት ነው። በጠይም ፊት ላይ ጉንጭና ከዓይን ሥር የሚወጡት፣ በጣት ሲዳሰሱ ጎላ ጎላ የሚሉ ትናንሽ ጥቁር ነጥቦች ብዙ ጊዜ ጠቃጠቆ ይባላሉ እንጂ አይደሉም። በዘር የሚመጡ፣ ጉዳት የሌላቸው የቆዳ እድገቶች ናቸው፤ የዓለም ቅባት ሁሉ ቢቀባ አያጠፋቸውም። ሐኪም በኤሌክትሪክ ወይም በመፋቂያ ሊያነሳቸው ይችላል። ጠቃጠቆና ማድያት ግን ጠፍጣፋ ናቸው።

ለጠፍጣፋዎቹ የሚሠራው ነገር አሰልቺ ነው፤ በየቀኑ የሚቀባ የጸሐይ መከላከያ፣ ባርኔጣ፣ ጥላ። ለማድያት ደግሞ የብረት ኦክሳይድ ያለበት ቀለም ያለው መከላከያ ይመረጣል፤ ማድያትን የሚያባብሰው የሚታየውም ብርሃን ነውና። ከዚያ በላይ አዜላይክ አሲድና ትሬቲኖይን የተባሉ የሚቀቡ መድኃኒቶች፣ ለተወሰነ ወራት ብቻ በሐኪም ክትትል ደግሞ ሃይድሮኪኖን አሉ። ሃይድሮኪኖን ያለ ገደብ ዓመታት ሲቀባ በጥቁር ቆዳ ላይ ግራጫማ ሰማያዊ ጥቁረት ያመጣል፤ እሱን መመለስ ከጠቃጠቆው እጅግ ይከብዳል። ሌዘር በነጭ ቆዳ ላይ ጠቃጠቆን ጥሩ አድርጎ ያነሳል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ተኩሶ ጥቁር ወይም ነጭ ጠባሳ የመተው ዕድሉ ከፍ ስለሚል የሚሠራው ሰው ጥቁር ቆዳ ያከመ መሆኑን መጠየቅ ነውር የለውም።

ከመዋቢያ መደብር «ለማድያት ነው» ተብሎ የሚሰጠው ብዙ ክሬም ክሎቤታሶልን የመሰለ ጠንካራ ስቴሮይድ ይይዛል። በሁለት ሳምንት ፊትን ያጠራል፤ ገዢዋም ለጓደኛዋ ትነግራለች። በወራት ውስጥ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሩ ይወጣል፣ ቡግር ይወርሳል፤ ሲቆም ደግሞ ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል። እንዲህ የሆነባት ሴት ቅሬታዋን የምታቀርብበት የደንበኞች ጠረጴዛ የለም። የሚነግሯትም «ቆዳሽ አልተስማማውም» ነው።

ማናቸውንም ማቅያ ቅባት እየተቀባ ያለ ሰው ቅባቱ በደረሰበት ቦታ ነጭ ነገር ብቅ ሲል ካየ፣ ያንኑ ዕለት ያቁም። ቱቦውን አይጣለው፤ ቦታውን በቀን ብርሃን ፎቶ አንስቶ፣ ቱቦውን ይዞ ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂድ። እዚያም ከራሱ ሌላ ያንን ቅባት የሚቀባ ጎረቤት ወይም ዘመድ ካለ ሳይጠየቅ ይናገር።